ያላለቀች ፖስት ካርድ

ፖስት ካርድ ሚስጥር አትይዝም። ፖስታ የላትማ፣ ፊቷም ጀርባዋም ገላጣ ነው። የኔዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። የራሴ ፖስታ ሣጥን ስለሌለኝ የምጠቀመው በአጎቴ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ቀድሞኝ ያያል፣ ያገላብጣል፣ ከዚያ ይደውልልኛል። «ዛሬ ደግሞ ግማሽ ዓሣ መጥቶልሻል!»

ግማሽ ማለቱ ልክ ነው። የገባሁበት ጨዋታ እንዲህ ነው። አንዱ ካርድ ላይ ትንሽ ነገር ይሥላል ወይ ይለጥፋል። ሳይጨርስ ለማያውቀው ሰው ይልካል። ያኛው የራሱን ጨምሮ ለሌላ ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ካርዷ ጀማሪው እጅ ትገባለች። ዳኛ የለም፣ ከቴምብር በቀር ክፍያም የለም። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሬይ ጆንሰን የሚባል የኒውዮርክ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ጨምርበትና መልስ» እያለ ወረቀት ለሰው ይበትን ነበር።

የአጎቴ ዓሣ የመጣው ከፖርቱጋል ነው። ጭራ የለውም። ዙሪያው ሰማያዊ፣ ከሥሩ የተቀደደ የባቡር ትኬት። የቀረው ነጭ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ያው ጀበና ነው። ቀጥሎ ላሊበላ። ሁለቱንም ተውኳቸው፤ በቱሪስት ካርድ ዓለምን ዞረው የለ እንዴ?

መፍትሔው ከባቲ መጣ። እናቴ ሰኞ ገበያ ወርዳ ዕጣን ገዝታ ነበር። የተጠቀለለው በተማሪ ደብተር ቅጠል ነው። ዘርግቼ አየሁት። የክፍልፋይ ሒሳብ። 3/4 ሲደመር 1/4 ይላል፤ መልሱ 4/8። በላዩ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ። ኅዳጉ ላይ ልጁ አንድ እግር ያላት ዶሮ ሥሏል። መምህሩ ሒሳቡን እንጂ ዶሮዋን አልነካትም። ደስ አለኝ። ኤክሱና ዶሮዋ አብረው እንዲወጡ ቀስ ብዬ ቀደድኩና ከዓሣው ፊት ለጠፍኳቸው። ልጁ አያውቅም እንጂ እሱም ጨዋታው ውስጥ ገብቷል።

የደሴ ጉምና ኮላ አይዋደዱም። ሌሊቱን መዝገበ ቃላት ተጭኖት አድሮ እንኳ ጠዋት ጫፉ ተነስቶ አገኘሁት። የዕጣኑ ሽታ ግን አልለቀቀም።

ለዓሣው ጭራ ልቀጥልለት እጄን በልቶኝ ነበር። እንደምንም ተውኩት። ከኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ምን ሊተርፈው ነው? እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው ለዚህ ነው፤ መሣል ብዙ ሰው ይችላል፣ መተው ነው ጭንቁ።

ቴምብሩን ሆን ብዬ ሥዕሉ በኩል ለጠፍኩት። በዚህ ሥራ ቴምብሩም ማኅተሙም የሥዕሉ አካል ናቸው። ፖስታ ቤት ያሉት ጋሼ ካርዷን ገለባብጠው አዩኝ።

«ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

«ኧረ አላውቃትም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽላት?»

«ምንም። ዶሮ ነው የላክሁላት።»

«ወላሂ ጉድ ነው! ማኅተሙ ዶሮዋን ያርዳታል እኮ።» ቢሆንም ጠጋ ብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ከአንገቷ ፈንጠር አድርገው መቱልኝ።

«ትደርሳለች?» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ ትደርሳለች።»

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የተከፈለው ቴምብር እዚያም የሚሠራው በዚህ ውል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያሰጋኝ የኮላዬ ነገር ብቻ ነው።

ዛሬ አጎቴ ሌላ ካርድ ሰጠኝ። ላኪው ቁልፍ፣ ላባ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም አጭቆባታል። የጥርስ መፋቂያ የምታህል ቦታ እንኳ አልተወም። አጎቴ «ይቺማ አልቃለች» አለኝ። እኔ ግን ጥግ ላይ ያለውን ላባ ለመንቀል እያሰብኩ ነው። መቀነስ ክልክል ነው ያለኝ ሰው የለም።