ድንበር ሲሻገሩ የሚቀር ከለላ

ደብረ ብርሃን አብሮኝ ያደገው የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ባለፈው ሰሞን ደውሎ የጠየቀኝን፣ ጠበቃ ብሆንም በስልክ አጥጋቢ አድርጌ ስላልመለስሁለት፣ በጽሑፍ ልመልሰው ወደድሁ። ነገሩ ሥራውን ያስተማረችውን ባልደረባውን ይመለከታል፤ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ኑሮዋን ግን በሴትነት የምትመራ ሰው ናት። አዮዋ ግዛት ሥራ አግኝታ እዚያው ቤት ልትከራይ ስትነሳ «የሕግ ከለላ አይኖርሽም» ብለዋት ኖሮ፣ እርሱም ተጨንቆ «ጋሼ፣ አገሩ አንድ አይደለም ወይ?» አለኝ።

አገሩ አንድ ነው፤ ሕግ አውጪው ግን ብዙ ነው። ይህ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደብረ ብርሃንም ፍቼም የሰሜን ሸዋ ከተሞች ሆነው ሳለ፣ አንዱ በአማራ ሌላው በኦሮሚያ ክልል ስለሚገኝ ጋብቻና ፍቺ የሚዳኙት በየክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። የወንጀል ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። በአሜሪካ ሁለቱም በአመዛኙ በግዛቶች እጅ ናቸው፤ ግንኙነቱ በመላ አገሪቱ ወንጀል መሆኑ የቀረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የቴክሳስን ሕግ በሻረ ጊዜ ነው።

ሚኒሶታ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችም ሆነ እንደዚህች ሴት ላሉ ሰዎች በሥራና በመኖሪያ ቤት የሕግ ጥበቃ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። አዮዋም በ2007 ተከተለቻት፤ ይሁን እንጂ «የጾታ ማንነት» የሚለውን ከመብቶች ሕጓ ሰርዛ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ አደረገችው። ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሰጠችውን አልነካችም። ይህን ጥበቃ ሰጥቶ መልሶ በመውሰድ የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ መልሶ መውሰድ ነው። ጾምና ጸሎት በሚከበርበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አንባቢዎቼም በጉዳዩ ላይ ጽኑ እምነት እንዳላቸው አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕግን አምኖ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ጎረቤት አፍርቶ ሲያበቃ ያ ሕግ ከሥሩ ሲነሳበት፣ ጨርሶ ካልተሰጠው ሰው ይልቅ የተጎዳ ይመስለኛል፤ ኑሮውን የሠራው በዚያ ላይ ነውና።

ለአክስቴ ልጅ የምመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። በሥራዋ በኩል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ተርጉሞ የሰጠው ውሳኔ፣ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በማንነቷ ምክንያት እንዳያባርራት ይከለክላል። ያ ውሳኔ የተሰጠው ግን በሥራ ጉዳይ እንጂ በቤት ኪራይ አይደለም፤ አከራዩ ቢያስወጣት የአዮዋ ሕግ አይደርስላትም። ስለዚህ አዮዋ እየሠራች፣ ቤቱን ከድንበሩ ወዲህ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አልበርት ሊ ከተማ ብትከራይ እንደሚሻላት ንገራት።