የሩፋኤል ዝናብና ወረንጦው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ዛሬ ጳጉሜ 5 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቤም ብርዱ አልለቀቀኝም። ነገ ማለዳ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ደጃፌ ሳይደርሱ ይህችን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ከትናንት በስቲያ የሩፋኤል ዝናብ ጥሎ ነበር። የሰፈሩ ሕፃናት ልብሳቸውን ወርውረው ወጡበት፤ እኔም መንዝ ሳድግ እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ የዕለቱን ዝናብ በገበቴ ታቁርና ፊታችንን ታጥበን ነበር። ጠበል ነው፣ ዓይን ያጠራል ትላለች።

ሩፋኤልን ከዓይን ጋር ያገናኘው መጽሐፈ ጦቢት ነው። አባትየው ታውሮ ሳለ መልአኩ ልጁን ጦብያን የዓሣውን ሐሞት ያዝ አለው፤ መንገዱን አብሮት ሄደ፣ አቀባቡንም ነገረው። በልጅነቴ ይህን ታሪክ የምሰማው ስለ መድኃኒቱ ነበር። አሁን ሳነበው ልቤ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። እኛ ተመራማሪዎች ሐሞቱን አግኝተን እዚያው ወንዝ ዳር የምንቀር ብዙ ነን።

ሥራዬ የዓይን ማዝ፣ በሐኪም ቤት ቋንቋ ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 100 ልጆች ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ታይቶባቸው ነበር። እየተመላለሰ የዓይን ቆብን በውስጥ በኩል ያጠባስሳል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶችን ይበልጥ ይጎዳል፤ ሕፃናቱን ሲያቅፉ የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።

በመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ አንዲት እናት አገኘሁ። ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንጠልጥለዋል፤ ሽፋሽፍታቸውን የምትነቅልላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ባትሪዬን አብርቼ አየሁ፣ ቅጹ ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ጻፍሽው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ይነቀልልኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ።

ያ ቅጽ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ሠንጠረዥ ሆነ፣ ሠንጠረዡም ጽሑፍ። በጽሑፉ ተደስቻለሁ፤ አልዋሽም።

የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል። ሴቶቹ ግን አልመጡም። ፈርተው መስሎን ስለ ፍርሃት ስናስተምር ከረምን። ነገሩን የገለጠችልን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የተሠራችው ሴት ዓይኗ ታሽጎ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ውሃውንስ ማን ይቀዳል? ከዚያ በኋላ ቀጠሮውን ከአጨዳና ከውቂያ ወቅት አወጣነው፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም አስነገርን፣ የዕድር ሴቶችም ተራ ገብተው ጋገሩ። ከዚህ ውስጥ አንዱም በጥናቴ ውስጥ አልነበረም።

የመድኃኒት እደላው ቀላሉ ክፍል ነበር። የትራኮማን ባክቴሪያ የሚገድለው አዚትሮማይሲን ለልጆች የሚሰጠው በቁመታቸው ልክ ስለሆነ ምልክት ያለበት ዘንግ ይቆማል። ልጆቹ ከጓደኛቸው ለመብለጥ በእግር ጣታቸው ይንጠራራሉ፤ እኛም ተረከዛቸውን ወደ ታች ስንጫን እንውላለን።

ያስኮረፈኝ የውሃው ነገር ነው። ዓመታት ሙሉ «ፊታችሁን ታጠቡ» ስል ኖሬ፣ በዋግ ኽምራ በ40 አካባቢዎች ተካሂዶ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ውሃ፣ የንጽሕና ትምህርትና መጸዳጃ ቤት በ3 ዓመት ውስጥ በልጆች ዓይን ላይ የሚገኘውን የትራኮማ ባክቴሪያ አልቀነሱም አለ። ሁለት ቀን ስህተት ስፈልግበት ዋልኩ። ጥናቱ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሳሙና ብቻውን ማዝን ያጠፋል ብዬ ለእናቶች መናገር ተውኩ። ምንጭ ማጎልበቱን ግን አልተውንም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ አቀበት ለምትወጣ ሴት ውሃ ለማቅረብ የዓይን ሰበብ አያስፈልግም።

እኚያ እናት በኋላ ተሠርተዋል። ባለፈው ዓመት በበዓሉ ሰሞን ልጠይቃቸው ብሄድ ጠላ ቀዱልኝ። ወረንጦው አሁንም ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል። ደንግጬ ዓይናቸውን ትኩር ብዬ ሳይ ሳቁብኝ፤ «የእሾህ ነው» አሉ።

መልካም አዲስ ዓመት።