አጥቂዎችን የማይወድ ሰው ስለ ምባፔ

ኳስ በተጫወትኩበት ዘመን ቦታዬ የኋላ መስመር ነበር። የተከላካይ ቂም ቶሎ አይለቅም፤ ዛሬም ጨዋታ ስመለከት ዓይኔ የሚያርፈው ኳሱን በያዘው ልጅ ላይ ሳይሆን ከፊቱ በቆመው ሰው እግር ላይ ነው። ትከሻውን ወዴት አዞረ? ስንት እርምጃ ወደ ኋላ አለ? ጓደኛውን ለእርዳታ ጠራ ወይስ ብቻውን ሊጋፈጥ ቆረጠ? ስለ አንድ አጥቂ ማወቅ የምፈልገውን ሁሉ የማገኘው ከዚያ ነው። የተመልካች ጩኸት ብዙም አይነግረኝም፤ ተመልካች ለማይጠቅም አብዶም ይጮኻል።

ፈረንሳዊው አጥቂ ኪሊያን ምባፔ በ19 ዓመቱ ዓለምን ባስጨበጨበበት የሩሲያ የዓለም ዋንጫም እኔ ስከታተል የነበረው የአርጀንቲናውን ተከላካይ ማርኮስ ሮሆን ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2018 ፈረንሳይና አርጀንቲና በካዛን ለጥሎ ማለፍ ተገናኙ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ምባፔ ኳሱን በራሱ የሜዳ ክልል አገኘና ወደፊት በረረ። ሩጫውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ እኔ ግን የማስታውሰው የሮሆን መጨረሻ ነው። አብሮ ቢሮጥ አይደርስበትም፤ ቢተወው ግብ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። በ13ኛው ደቂቃ አንቱዋን ግሪዝማን ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ። ሮሆን የሚወቅሱ ብዙ ናቸው። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ባስብ ደግሞ መልስ የለኝም። ጥፋቱ የተፈጸመው ከእርሱ በፊት፣ ቡድኑ ያን ሁሉ ሜዳ ከጀርባው ክፍት ትቶ ወደፊት በወጣ ጊዜ ነው።

ከዕረፍት መልስ በ64ኛው እና በ68ኛው ደቂቃ ልጁ ሁለት ግብ አከለ፤ ፈረንሳይ 4 ለ 3 አሸነፈች። በፍጻሜው ደግሞ ክሮኤሽያ ላይ አንድ አስቆጠረ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ግብ ያስቆጠረ ከእርሱ በፊት ፔሌ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1958 በስዊድን፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ያውም ውድድሩን በጉልበት ሕመም ምክንያት ከሜዳ ውጪ ጀምሮ። ይህ ንጽጽር በየጋዜጣው ተደጋግሟል።

እኔ ግን ያን ዕለት ያሰብኩት እንግሊዛዊውን አጥቂ ማይክል ኦውንን ነበር። ከካዛን ልክ ሃያ ዓመት በፊት፣ ጁን 30 ቀን 1998፣ በሴንት ኤቲየን ያ የ18 ዓመት ልጅ በዚያችው በአርጀንቲና ላይ ከመሀል ሜዳ ተነስቶ ተከላካዮቹን አልፎ ያስቆጠራትን ግብ ያየ አይረሳትም። እንግሊዝ በመለያ ምት ወደቀች፤ ኦውን ግን በአንድ ምሽት ገነነ። ከዚያ በኋላም ክፉ አልሆነም፤ በ2001 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ባሎን ዶር ወስዷል፣ ለአገሩ 40 ግብ አስቆጥሯል። ሆኖም ፍጥነቱን ጉዳት እየሸረሸረው ሄደ፤ የመጨረሻው የዓለም ዋንጫው በ2006 ከስዊድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጉልበቱ ሲጎዳ አበቃ። የኦውን ግብና የምባፔ የካዛን ሩጫ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከተከላካዩ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ የተገኙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሜዳ ለአንድ ወጣት ለዘላለም ክፍት ሆኖ አይቆይም።

በካዛን አርጀንቲናዎች ምባፔን አያውቁትም ነበር ማለቴ አይደለም። በፓሪስ አቅራቢያ ባለችው ቦንዲ ያደገው ልጅ በ2016 ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን አምስት ግብ አስቆጥሮ ከቡድኑ ጋር አንሥቷል፤ ከሞናኮ ወደ ፓሪስ ሴን ዠርማን የተሸጋገረበትን 180 ሚሊዮን ዩሮ ያልሰማ አልነበረም። ስሙን ያውቁታል፤ በስሙ ምክንያት የመከላከል መስመራቸውን ወደ ኋላ ለመሳብ ግን ገና ፈቃደኛ አልነበሩም። ከካዛን በኋላ ሁሉም ፈቃደኛ ሆነ።

ስለዚህ ከሩሲያው ይልቅ ልቤን የያዘው ቀጣዩ ነው። በአንድ ዓመት ዘግይቶ በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ምባፔ አንድም ግብ አላስቆጠረም። በቡካሬስት ከስዊዘርላንድ ጋር 3 ለ 3 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲገቡ ሌሎቹ ሁሉ አገቡ፤ የመጨረሻዋን የእርሱን ምት ግብ ጠባቂው ያን ሶመር አዳነበት። ፈረንሳይ ተሰናበተች። በልጁ ላይ የወረደው ዘረኛ ስድብ አሳፋሪ ነበር። በ22 ዓመት ዕድሜ ያን ተሸክሞ መመለስ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ለአጥቂም ቢሆን።

በኳታር፣ በ2022፣ የሚገጥሙት ቡድኖች ተዘጋጅተው ጠበቁት። በሩብ ፍጻሜው የእንግሊዙ ካይል ዎከር ያደረገውን ማንኛውም ተከላካይ ሊያጠናው ይገባል፤ ቸኩሎ አልገባበትም፣ ምባፔም ያን ምሽት ግብ አላገኘም። ፈረንሳይ ግን በሌሎች ግቦች አለፈች። በፍጻሜውም አርጀንቲናዎች የካዛንን ትምህርት አልረሱም፤ ናሁኤል ሞሊና ብቻውን እንዳይቀር ሮድሪጎ ዴ ፖል እየተመለሰ አገዘው። አርጀንቲናዎች 2 ለ 0 ሲመሩ የፈረንሳዩ አሰልጣኝ ዲዲዬ ዴሾ ዕረፍት እንኳ ሳይጠብቅ በ41ኛው ደቂቃ ዢሩንና ዴምቤሌን አስወጥቶ ምባፔን ወደ መሀል አመጣው። ለረጅም ጊዜ ይህም ለውጥ አላመጣም፤ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ሜዳ ላይ ስለመኖሩ የሚያጠራጥር ነበር።

ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ። በ81ኛው ደቂቃ ከቱራም ጋር ተቀባብሎ ኳሷ መሬት ሳትነካ መታት። ይህችን ግብ ከካዛኑ ሩጫ አስበልጣታለሁ። ከተከላካይ ጀርባ ምንም ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ የተቀረው የእግር ጥራት ብቻ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ተከላካይ መድኃኒት የለውም። በ118ኛው ደቂቃ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ሦስተኛውን ጨመረ፤ በወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሦስት ግብ ያስቆጠረ ከ1966ቱ ጄፍ ኸርስት ቀጥሎ ሁለተኛው ሆነ። በመለያ ምቱም መጀመሪያ የቀረበው እርሱ ነው፤ አገባ። በቡካሬስት አንዲት ምት የሳተው ልጅ በአንድ ምሽት ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝን በሚያህል ግብ ጠባቂ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ሦስቱንም አስቆጠረ። ዋንጫውን አርጀንቲና ወሰደች፤ በስምንት ግብ የወርቅ ጫማው ግን የእርሱ ነው።

በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ከኦስትሪያ ጋር ሲጫወት አፍንጫው ተሰበረ፣ ጭምብል አጠለቀ፣ በውድድሩ ያስቆጠረውም አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ጭምብሉን አውልቆ ገብቶ ለኮሎ ሙዋኒ ግብ አሻገረ። በዚያው ምሽት በሙኒክ ወሬው የላሚን ያማል ሆነ፤ 17 ዓመት ሊሞላው የቀናት ዕድሜ የቀረው የስፔን ልጅ ከሳጥኑ ውጪ መትቶ አስቆጠረ፣ ፈረንሳይም 2 ለ 1 ተሸነፈች። ኳሷን ሲመታ ከፊቱ የነበረውን አድሪየን ራቢዮን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ መጠጋት ሲገባው ወደ ኋላ አለ። ስለ ያማል ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ ስለ እርሱ የምጽፈው ሁለት ተከላካይ ተመድቦበት፣ አንድ ውድድር ሙሉ ግብ አጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነው።