የሚኒባሱ ቴፕ ሳሎን ገባ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ

አጎቴ ሚኒባሱን ሲሸጥ ቴፑንና የበሮቹን ስፒከሮች አስፈትቼ አስቀረሁ። ገዢው ግድ አልሰጠውም፤ የሱ ዓይን ሞተሩ ላይ ነበር። እኔ ግን ያንን ቴፕ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ስንገባ ሹፌሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ድምፁን መቀነስ ነበር። ጉምና ሙዚቃ ምን እንዳገናኛቸው እስካሁን አይገባኝም።

ቤት ውስጥ ይሠራል ወይ ብዬ ስጠይቅ መካሪ በዛ። አንዱ የስልክ ቻርጀር ቀጥልበት አለኝ። ተራ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ቴፑ የሚፈልገው 12 ነው። ሌላው ኢንቨርተር ግዛ አለኝ። ኢንቨርተር እኮ ከባትሪ 220 የሚያወጣ ነው። የኔ ጉዳይ ተቃራኒው ነው፤ 220ውን ወደ 12 ማውረድ።

ቮልቱን የማይስት ሰው እንኳ አምፔሩን፣ ማለትም የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይረሳል። የዋይፋይ አዳፕተር ላይ 12 ቮልት የሚል ተጽፏል፤ እውነት ነው። አምፔሩ ግን ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 ነው። 12 በ2 ሲባዛ 24 ዋት። በዚህ ጉልበት ቴፑ ይበራል፣ ዜናም ያሰማል። ድምፁ ከፍ ብሎ ከበሮው «ድም!» ሲል ግን ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ «ዌልካም» ብሎ እንደ አዲስ ይነሳል። እንደገና ድም፣ እንደገና ዌልካም። ይሄን ያየ ሰው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ቴፑ ምንም አልሆነም፤ ርቦት ነው።

ፊቱ ላይ «50 ዋት በ4» (ለአራቱም ስፒከር በየራሱ 50 ዋት) የሚለውን ነገር ደግሞ እንደ ጉራ ነው የምቆጥረው። መኪናው ሞተሩ ተነስቶ 14.4 ቮልት ቢሰጠው እንኳ፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው በአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። እውነቱን የሚናገረው ከኋላው ያለው ፊውዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ተቃጥሎ የሚቆርጠው። የኔው 10 አምፔር ይላል። ስለዚህ ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል ምንጭ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነበር። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ይነሳል፤ ቢጫው 12 ቮልት ይሰጣል። ደህና ሠራ። ግን ቆርቆሮውን በነካሁት ቁጥር ይነዝረኛል። በየቤቱ ኮምፒውተር ሲነካ የሚነዝረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ግቢው ውስጥ የብረት ዘንግ አስቀበርኩና መንዘሩ ቀረ። ውስጡን ልክፈተው ለሚል ሰው ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ይቅርብህ። እዚያ ውስጥ ወደ 310 ቮልት የሚይዙ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አሉ፤ ከሶኬት ቢነቀልም ወዲያው አይለቃቸውም።

በመጨረሻ የረጋሁት ለደህንነት ካሜራና ለኤልኢዲ መብራት በሚሸጠው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የብረት ሣጥን ነው። 12 ቮልት፣ 20 አምፔር። ጎኑ ላይ ትንሽ ብሎን አለችው። እሷን በስሱ ስጠመዝዝ ቴስተሩ (ቮልት መለኪያው) ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ 13.6 ላይ ተውኩት። ወደ መኪናው ኤሌክትሪክ ተጠጋ ማለት ነው። 220 የሚገባበት ብሎኑ ክፍት ስለሆነ የሕፃን ጣት እንዳይነካው አየር የሚያስገባ የእንጨት ሽፋን አሠራሁለት።

የቴፑ ሽቦ ቀላል ነው። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ማግኘት አለበት፤ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚያስታውሰው በሱ ነው። ቀዩ መኪናው ላይ በሞተሩ ቁልፍ የሚበራው ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁበት። የስፒከሮቹን ኔጌቲቭ ከጥቁሩ ሽቦ ጋር አንድ ላይ መቋጠር ግን ቴፑን መግደል ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ሁለቱንም ሽቦውን ለራሱ ይዞ ይሄዳል።

ስፒከሩን ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ አስቀምጦ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) መጠበቅ ዘበት ነው። ከፊቱና ከኋላው የሚወጣው ድምፅ ተገናኝቶ ይጠፋፋል። መኪና ላይ በሩ ራሱ ሣጥን ይሆነዋል። አናጢው በኮምፔንሳቶ ሁለት ሣጥን ሠራልኝ። ውስጡን የሞላሁት እማዬ ለዝተት ካስቀመጠችው የመንዝ በግ ጸጉር ነው። አንድ እፍኝ ብቻ ብዬ ገብቼ ግማሽ ማዳበሪያ አወጣሁ። አጉረመረመች። ግን ያ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚለው ድምፅ ጠፋ፤ የክራሩ ክር ሲነካ ለብቻው ይሰማል።

ዋናው ነገር ባትሪው ነው። የአጎቴን የድሮ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ከብረት ሣጥኑ ጋር አያያዝኩት። ጋዝ ስለሚተፋ ሳሎን አላስገባሁትም። ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አለው፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ቢነካካ ቤቱን የሚያድነው እሱ ነው። መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ ቴፑን ይይዛል። ቴፑ ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲሠራ 2 አምፔር ቢበላ እንኳ፣ ባትሪው ደህና ከሆነ፣ ግማሹ ብቻ ለ15 ሰዓት ይበቃል። ብርዱ ግን የባትሪውን አቅም ትንሽ ይቀንስበታል።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ጨለመ። ቴፑ ንቅንቅ አላለም። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ «አንተ፣ ይሄ ነገር በምኑ ነው የሚያወራው?» አለችኝ። በባትሪ ነው አልኳት። «ታዲያ አምፖሉንስ?» አለች። ልክ ናት። ዛሬ የ12 ቮልት አምፖል ገዝቼ እዚያው ላይ ቀጠልኩላት።

የእህቴ ልጅ ደግሞ የሚኒባሱን አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ካልገጠምን ብሎ ይዞኛል። ጀርባው ላይ ሁለት ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ተሰክቷል። የኔ የብረት ሣጥን 20 አምፔር ነው። ለባለ ሚኒባስ ይሸጥ ብያለሁ፤ እሱም አኩርፏል።