ማቴራ፦ በዓለት መካከል የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ከቡድናችን ጋር በደቡብ ጣሊያን፣ ጸጥታ በሰፈነበት የባዚሊካታ ክልል የምትገኘውን ማቴራን ስንጎበኝ ዋልን። ከተማዋ በጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ስትሆን፣ «ሳሲ» የሚባሉት ከለስላሳ ዓለት የተፈለፈሉ ቤቶቿ እርስ በርስ ከመደራረባቸው የተነሣ የአንዱ ጣሪያ ለሌላው መተላለፊያ ይሆናል።

አስጎብኚያችን ወደ አንድ ዋሻ ቤት ስታስገባን፣ በቅሎው ይታሰርበት የነበረው ቦታ ከቤተሰቡ አልጋ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ይኖሩ የነበሩ 15,000 ያህል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ መሠረት ወደ አዳዲስ ሰፈሮች እንዲዛወሩ ተደርጓል። የአገር ኀፍረት ይባል የነበረው ይኸው ስፍራ በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ይህም ከላሊበላ 15 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

ላሊበላን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓለት ወደተፈለፈለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ በግድግዳዋ ላይ የደበዘዙትን የቅዱሳን ሥዕሎች ሳይ፣ ጫማዬን ለማውለቅ እጄ ወደ ማሰሪያው ሄደ። የዕጣን ሽታ ግን አልነበረም፤ ቅዳሴም የለም፤ በር ላይ የሚቆረጠው የመግቢያ ትኬት ነው። ልቤን የነካውም ይህ ነው፤ የእኛዎቹ ዛሬም ይቀደስባቸዋልና።

የቡድን ጉዞ በሰዓት የተገደበ በመሆኑ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበረን፤ እኔ ግን ሁሉም ከወጡ በኋላ ጥቂት ቆሜ ጸለይሁ። አንዲት አብራን የምትጓዝ አረጋዊት ሴት በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው፤ ደረጃውን እጃቸውን ይዤ አብረን ወረድን።