ከስትሮክ በኋላ የዛለውን ጎን እንዴት እንያዝ?

ስትሮክ አንድ ጎኑን ያዛለበት ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ቤቱ ሲገባ፣ በእኛው እጅ ቶሎ የሚጎዳው ትከሻው ነው። ጠያቂ ሁሉ ቀና ላድርገው እያለ የዛለውን ክንድ ይጎትታል። ትከሻን በቦታው የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲዝል የክንዱ ክብደት ብቻውን መገጣጠሚያውን ወደ ታች ይስበዋል። ጉተታ ከተጨመረበት ለወራት የማይለቅ ሕመም ይተክላል። ብብቱ ሥር ገብቶ ማንሳትም ያው ነው። ሲቀመጥም ሲተኛም ክንዱ ትራስ ላይ ይረፍ። እባካችሁ ለወጌሻም አትስጡት፤ የዛለ እንጂ የወለቀ እጅ አይደለም።

ታዲያ በምን ይነሳ? መደብና ዱካ ዝቅ ስለሚሉ አይሆኑም። ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ የማይነቃነቅ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጋ፤ ሁለቱን እግሮቹን ወደ ኋላ ስቦ መሬት ላይ ይትከል፤ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪሆን ያጎንብስና ይነሳ። ወገቡ ላይ መቀነት አጥብቃችሁ እሰሩለት፤ ረዳቱ በዛለው ጎን ቆሞ ክንዱን ሳይሆን መቀነቱን ይያዝ። ከዘራው በጤነኛው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የዛለው። ጋቢ መሬት እየጎተተ እግር ስለሚጠልፍ ለእርምጃ ኮት ይሻላል፤ እጅጌው ሲለበስ ከዛለው እጅ ይጀመራል፣ ሲወልቅ ከጤነኛው።

በዚህ ብርድ ሰው ከምድጃ አይለይም። የዛለው ጎን ግን ብዙ ጊዜ ሙቀት በደንብ አይሰማውም፤ እግሩ ፍም አጠገብ ቆይቶ ቆዳው ቢላጥ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ወደ እሳቱ ጤነኛው ጎን ይዙር፣ የእግር መታጠቢያውንም ውሃ ጤነኛው እጅ ይለካው።

ምግብ ላይ የሚያስፈራው ውሃ ነው። ቀጭን ስለሆነ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ወደ ሳንባ ይሾልካል፤ የሳንባ ምችም ያመጣል። ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ እንዳለ የሚመስል ከሆነ ሐኪም ሳያየው ምንም አትስጡት። መዋጥ ይችላል ከተባለ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላው ሳይደገም ይብላ። ምን ያህል የወፈረ አጥሚት እንደሚስማማው ሐኪሙን ጠይቁ። ቆሎ ይቅር። በዛለው ጉንጭ ውስጥ የተረፈ ጉርሻ እንዳለ እዩ፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛ።

ጨው ለቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፤ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውም ይቆጠራል። የግፊት ክኒን ደህና ሆንኩ ተብሎ አይቆምም፣ ለጸበልም አይቋረጥም። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ መድኃኒት ቤት መድረስ በክረምቱ ጭቃ ቀኑን ይፈጃል።