ጋውንና ብዕር፦ ስለ ደብዳቤው ማንም አልነገረኝም

ሕክምና እየተማርኩ ለአንድ ጋዜጣ የጤና ዓምድ መጻፍ የጀመርኩት የዋርድ ትምህርት በገባሁበት ዓመት ነው። ዓምዱን ማግኘት የሚወራለትን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ናሙና ላክሁ፣ አርታኢው «የሐኪም ቋንቋሽን አውጪና መልሰሽ ላኪ» አሉኝ፣ አውጥቼ ላክሁ። የጊዜ ጥበትም ይለመዳል፤ ዲዩቲ ያደርኩ ዕለት አልጽፍም፣ በቃ። አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ የነበረው የደብዳቤው ጉዳይ ነው።

ርዕሴ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነበር፤ በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው ማለት ነው። ልጆች ጉሮሯቸው ሲታመም በወቅቱ መድኃኒት ከመውሰድ ይልቅ እንጥላቸው ይቆረጣል፤ ከዓመታት በኋላ የልባቸው ቫልቭ ተጎድቶ ይመጣሉ። ሕመሙ እንዳይብስ በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሊወጉ ሲገባ፣ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ከመርፌው በኋላ ሞት ይከተላል በሚል ፍርሃት አንወጋም ይላሉ። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት መርፌውን እንዳቋረጠ የሆስፒታሉን መረጃ ጠየቅሁ።

ሕዝብ ግንኙነቱ «ተማሪ ስለሆንሽ ከዲን ቢሮ ደብዳቤ አምጪ» አሉ። ዲን ቢሮው «ለጋዜጣ ከሆነ ጋዜጣው ይጻፍልሽ» አለ። ጋዜጣው ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆንኩ ማኅተሙን ለማሳረፍ አንገራገረ። በስንት ልመና የተጻፈው ደብዳቤም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተመራ፣ ኅዳጉ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው» እየተባለ ተሞልቶ፣ የሚመለከተው ሰው ሳይገኝ መጀመሪያ ወደ ሰጠሁበት ቢሮ ተመለሰ። ምክንያቱ «ጉዳዩ ስሱ ነው» የሚል ነበር። በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው መግለጫ በአዲስ አበባ ስም እየተጠራ፣ እዚሁ ስለ በሽታው መጠየቅ እንዴት ስሱ እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም።

መፍትሔው በእጄ ነበር። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘትን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው እንጂ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ስለዚህ አርታኢዎች የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ ቢሏችሁም እኔ አልመክርም፤ የድጋፍ ደብዳቤ «ማን ላከሽ» የሚል ጥያቄ ከመጥራት በቀር ጥቅሙ አልታየኝም። በራሳችሁ ስም ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥርና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሡ።

ታካሚን በተመለከተም ከመመሪያው እለያለሁ። የፈቃድ ፎርም የፈረመ ታካሚ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል ይባላል፤ እኔ ግን ጋውን ለብሼ ያየሁትን ታካሚ፣ ቢፈርምም፣ አልጽፍም። አንዲት እናት ፎርሙን ሳታነብ «ዶክተርዬ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ ብዕሩን ስትቀበለኝ ዓይኗ ልጇ ከተኛበት አልጋ አልተነሣም። እምቢ ብትል አልጋው የሚወሰድባት መስሏት እንደሆነ በምን ልወቅ? ፎርሙን መልሼ ወሰድኩና ባለታሪኮቼን ከማልማርበት ከተማ፣ ያለ ጋውን ፈለግሁ። ዘገባው ዘገየ፤ አርታኢውም ተቆጡ። አሁንም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።

ጽሑፉ «ከሆስፒታሉ ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» ከሚል ዐረፍተ ነገር ጋር በወጣ ማግስት ሕዝብ ግንኙነቱ ደውለው «እኛን ሳትጠይቂ እንዴት ትጽፊያለሽ?» አሉኝ። የገቢ ደብዳቤውን ቁጥርና ቀን አነበብኩላቸው። «አጣራለሁ» ብለው ዘጉት።